የአንድ ሰዓት መንገድ

የአዲስ አበባ ቦሌና የአሥመራ አውሮፕላን ማረፊያዎች በአንድ የሰሜንና የደቡብ መሥመር ላይ የተቀመጡ ያህል ናቸው። በመካከላቸው ያለው የአየር ርቀት 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። የጄት አውሮፕላን ይህን ርቀት በአንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል። ይህ በመሣሪያ የሚለካ፣ የማንንም ፈቃድ የማይጠይቅ እውነት ነው።

ይሁን እንጂ ርቀት ማለት ይህ ብቻ ነውን?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ ያለፈው በአሥመራ በኩል ነበር። የዚያን ዘመኑ ባለፕሮፔለር ዳግላስ አሥመራ ለመድረስ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጅበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ፈጠነ፤ መንገዱ ግን ረዘመ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ የቀጥታው በረራ ለሃያ ዓመት ያህል ተቋረጠ። መሻገር የፈለገ ሰው በሦስተኛ አገር መዞር ግድ ሆነበት። በካይሮ የዞረ እንደሆነ የሚበረው ከ4,200 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ማለትም የቀጥታውን ስድስት እጥፍ ነው። አያት በአሥመራ በኩል ካይሮ ሄደ፤ የልጅ ልጅ በካይሮ በኩል አሥመራ! ካርታው ግን አንዲት ስንዝር አልተለወጠም።

ነገሩ የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚሆነው ለቅሶ ሲመጣ ነው። በአገሩ ልማድ ሩቅ ያለ ዘመድ ከቀብር ቢቀር ይቅር ይባላል፤ ቅርብ ሆኖ የቀረ ይወቀሳል። እናቱ አሥመራ ያረፈችበትና፣ ስልኩም ተቋርጦ ስለነበር መርዶው በሌላ አገር ዞሮ አዲስ አበባ የደረሰው ልጅ ከየትኛው ወገን ይቆጠራል? የሰፈሩ ሽማግሌዎች «ምን ታደርግ፣ መንገድ የለ» ብለው ነጻ ያወጡታል። እርሱ ግን ራሱን ነጻ ማውጣት ይሳነዋል። በፈቃዱ ባሕር የተሻገረ ሰው ርቀቱን መርጦ ወስዷል፤ የዚህ ልጅ ርቀት ግን በማለዳ ተነሥቶ ለቁርስ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ላይ የተጫነ ነው። ጥፋት በሌለበት ዕዳ የለም የሚል ክርክር ይቀርብ ይሆናል። ክርክሩ በአመክንዮ ረገድ ጉድለት አይገኝበትም፤ ለቅሶ ለተቀመጠ ሰው ግን የሚፈይደው የለም። ዕዳው በእርግጥ አለ፤ ሊጠየቁበት የሚገባቸው ሰማዩን የዘጉት ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ ድንኳን ገብተው አልተቀመጡም።

ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በረራው ሲከፈት ተሳፋሪው ከመብዛቱ የተነሣ ሁለት አውሮፕላኖች ተከታትለው ተነሡ። አሥመራ ላይ ለዓመታት ያልተያዩ ቤተሰቦች እየተላቀሱ ተቃቀፉ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ያው በረራ እንደገና ተቋረጠ። መንገዱ ክፍት በነበረበት ጊዜ ሄዶ ከእናቱ መቃብር ላይ ቆሞ ያለቀሰ ዕድለኛ ነው። የቲኬቱ ዋጋ ከአቅሙ በላይ የሆነበትም ሰው ምክንያት አለው። አቅሙ እያለው «ለከርሞ እሄዳለሁ» ሲል ያሳደረው ግን አለ፤ ሽማግሌዎቹም ለእርሱ ያን የቀደመ ቃላቸውን ለመድገም ይቸገራሉ።