መኪና የማይደርስበት ዘመድ

ሰው ለገዛ ጥቅሙ የሠራው ዕቃ የሰውን ፈቃድ ሊመራ ይችላልን? ይህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ሊቃውንት ሲመላለሱበት የኖረ ነው። ስለ ገንዘብ ተጠይቋል፤ ስለ ቤትና ስለ ርስትም ተጠይቋል። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ «ሰው ልቡን ከንብረቱ ያላቅ» የሚል ምክር ሆኖ ቀርቷል። እኔ ምክሩን ለመድገም አላሰብሁም። ጥያቄውን ወደ አንድ ዕቃ፣ ወደ ትልቁ የቤት መኪና አውርጄ፣ ከዚህ መኪና ጋር ዓመታት የኖሩ ሰዎች ከሚናገሩት ተነሥቼ፣ በካፋ ምድር ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ ላይ ልመረምረው እወዳለሁ። ሐሳብ በአስፋልት ላይ ብቻ ሲሄድ ሁሉ ነገር የተቃና ይመስለዋልና፣ አንዳንድ ጊዜ በጭቃ መፈተኑ ይሻላል።

ትልቅ የቤት መኪና የምለው ርዝመቱ አምስት ሜትር የሚደርሰውን ወይም የሚያልፈውን፣ ወንበሩ ቆዳ የለበሰውን፣ በኋላ የተቀመጠው ሰው እግሩን ዘርግቶ ጋዜጣ የሚያነብበትን ነው። በአገራችን በዚህ ማዕረግ አስቀድሞ ስሙ የሚነሣው ማርቸዲስ ነው። ባለቤቶቹ ስለዚህ መኪና ሲናገሩ መጀመሪያ የሚያነሡት ፍጥነቱን አይደለም፤ ጸጥታውን ነው። በሩ ሲዘጋ የከተማው ጩኸት በውጭ ይቀራል። ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ ሦስት መቶ ኀምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ሲወርዱ ወገባቸውን አይዙም። ጉልበቷን የሚያማት እናት በኋላ ወንበር ጋደም ብላ ወደ ሐኪም ስትሄድ፣ ልጇ ለመኪናው ያወጣው ገንዘብ በከንቱ ጠፋ ሊባል አይችልም። ምቾትን አጥብቆ የሚነቅፍ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ የራሱ ወገብ ገና ያልታመመ ሰው ነው።

ሁለተኛው ወሬያቸው ግን ስለ ጭንቀት ነው። ከመሬት እስከ መኪናው ሆድ ያለው ርቀት አንድ ስንዝር አይሞላም። በዚያ ዝቅተኛ ሆድ ሥር የሞተሩ ዘይት የሚጠራቀምበት ኮፓ አለ፤ አንድ ሹል ድንጋይ ቢበሳው ዘይቱ ፈስሶ ያልቃል፤ ሾፌሩም ቶሎ ካላጠፋው ሞተሩ ይነክሳል። አካሉ ረዥም ስለ ሆነ የፊት ጎማዎች ጉብታውን ተሻግረው የኋላዎቹ ገና ሳይደርሱ መካከሉ በጉብታው ላይ ይቀመጣል። አዲሶቹ ደግሞ በብረት ሞላ ፈንታ በታመቀ አየር ላይ የተቀመጡ ናቸው። አየሩ መንገዱን እንደ ትራስ ያለሰልሳል፤ ነገር ግን የያዘው የጎማ ከረጢት አርጅቶ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ፣ ባለቤቱ ጧት ሲነሣ መኪናውን እንደ ግመል ተንበርክኮ ያገኘዋል። መለዋወጫው በቅርብ አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋው የአንድ መምህር የብዙ ወር ደመወዝ ነው።

በዚህ ላይ የዘመኑ ሕግ ተጨመረ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። የሕጉን ምክንያት መመርመር የዛሬ ጉዳዬ አይደለም። የሚያስፈልገኝ ውጤቱ ነው፤ ይኸውም በእጁ ያለው መኪና በቀላሉ የማይተካ መሆኑን ያወቀ ሰው ከቀድሞው ይልቅ ይሳሳለታል። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የገዛውም ቢሆን ከኃይል መሙያው እጅግ ሊርቅ አይደፍርም። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ብለው አባቶቻችን እንዳስተማሩን ንብረትን በጥንቃቄ መያዝ ነውር አይደለም። የሚያሳስበው ጥንቃቄው ከዕቃው አልፎ የባለቤቱን አካሄድ መወሰን ሲጀምር ነው።

ቀድሞ በአገራችን የዚህ መኪና ቦታ የሠጋር በቅሎ ነበር። ሠጋር በቅሎ ተቀማጩን ሳታንገጫግጭ እንደ ውኃ ስለምትፈስ፣ ዋጋዋ ከተራ በቅሎ ዋጋ እጅግ ይበልጥ ነበር። ኮርቻዋና ልጓሟ ይሸለማል፤ አሽከሮችም በግራና በቀኝ ይከተላሉ። እንግዲህ ክብርን በመጓጓዣ ማሳየት ከባሕር ማዶ የተማርነው ነገር አይደለም። «በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ» የሚለውን ተረት ሳስታውስም፣ በመኪናው አፍንጫ ላይ ባለው ኮከብ ዝምድና የሚቈጥሩ አንዳንድ ሰዎች ትዝ ይሉኛል።

ነገር ግን በሠጋር በቅሎና በትልቁ መኪና መካከል ሁለት ልዩነት አለ። አንደኛው ግልጽ ነው። በቅሎ ጌታዋ ወደ ወደደው ትሄዳለች። ገደል ብትወርድ፣ ጅረት ብትሻገር፣ በሁለት አጥር መካከል ባለች ቀጭን መንገድ ብታልፍ ክብሯ አይጐድልም። ባለጸጋው በርሷ ተቀምጦ ከንጉሥ ግብር ይደርሳል፤ በርሷው ተቀምጦ ደግሞ በተራራ ጫፍ ከምትኖር ድኻ አክስቱ ልቅሶ ይደርሳል።

ሁለተኛው ልዩነት ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ ለእኔ ግን ከፊተኛው የከበደ ነው። ባለ በቅሎ ይወርድ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ፊት ሲደርስ ይወርዳል፤ ታላቁን በመንገድ ሲያገኝ ይወርዳል፤ ከልቅሶ ቤት አጠገብ ሲደርስም ወርዶ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ከእግረኛው ጋር በእግሩ ይገባል። ስለዚህ በቅሎዋ የምታሳየው ክብር ሁለት ወገን ነበረው፤ ተቀምጦባት ሲታይ የራሱን ክብር ያሳያል፤ ሲወርድ ደግሞ የሌላውን ሰው ክብር ያሳያል። ከመኪና ለሰላምታ ብሎ የሚወርድ ሰው ግን ስንት ነው? መስተዋቱ በግማሽ ዝቅ ይላል፤ እጅ ይወዘወዛል፤ ጨዋታው ገና ሳይጀመር ከኋላ ያለው መኪና ጡሩንባ ይነፋል። ባለ መኪናው ትዕቢተኛ ሆኖ ላይሆን ይችላል። ለመውረድ የሚያመች ሥርዓት ስለሌለው ነው።

መኪና ወደ አገራችን ሲመጣ መንገዱን ይዞ አልመጣም። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ኦቶሞቢሉን ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘንድ አዲስ አበባ ሲያደርስ፣ ለመኪና የተበጀ መንገድ ስላልነበረ በአስቸጋሪው ሥፍራ መኪናው ሰውን በመሸከም ፈንታ ሰው መኪናውን ይጐትት ነበር። ታሪኩን ባስታወስሁ ቍጥር እሥቃለሁ፤ ብዙ የዘመናችን ባለ መኪናዎችም ይህን ጕዞ ሳያውቁት እየደገሙት ነው ብዬ አስባለሁ።

ሆኖም ሠረገላው እንደ ቋንቋ ሆኖ ስለ ሰው ክብር መናገሩን አልክድም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሮልስ ሮይሳቸው ሲያልፉ መንገደኛው ቆሞ እጅ ይነሣ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ከዙፋን አውርዶ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ሲወስዳቸው ግን ያስገባቸው በትንሽ ቮልስዋገን ነበር። የዚያን ቀን የተነበበው ቃል ምን ይል እንደ ነበር ዛሬ ብዙ ሰው አያስታውስም፤ ቮልስዋገኗን ግን በዚያ ዘመን ያልተወለደው ሳይቀር ያውቃታል። ቋንቋው ይህን ያህል ኃይል አለው። ነገር ግን ይህ ቋንቋ የሚሰማው መኪና ተለይቶ በሚታወቅበት፣ ይልቁንም መኪና በሚደርስበት ሥፍራ ነው። መኪና በማይደርስበት ሥፍራ ለሰው ክብሩ መምጣቱ ነው። ወደ ማንኪራ ልወስዳችሁ የፈለግሁትም ስለዚህ ነው።

ማንኪራ ከካፋ ዞን ዋና ከተማ ከቦንጋ ብዙ ሳትርቅ በደን መካከል የምትገኝ መንደር ናት። የአገሩ ሰዎች ቡና በመጀመሪያ የተገኘው በዚያ ደን ነው ይላሉ፤ «እናት ቡና» ብለው የሚያሳዩት ዛፍም በዚያ አለ። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የካፋን ደን ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ አግብቶታል። ቦንጋም በ2014 ዓ.ም. ለተቋቋመው ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከመቀመጫዎቹ አንዷ ሆናለች። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ማንኪራ የሚያቀናው ግን የጥርጊያ መንገድ ነው፤ በደኑ ውስጥ ያለውም የእግር ነው። ካፋ ዝናብ የሚበዛበት አገር ነው። ቀዩ አፈር ሲርስ ከጫማ ላይ ተጣብቆ አይለቅም፤ ለጎማማ ምኑን ይለቃል?

እንግዲህ ከዚህ መንደር ተወልዶ፣ ተምሮ፣ በአዲስ አበባ ለትልቅ ሥራ የበቃና ትልቅ መኪና የገዛ አንድ ሰው አለ እንበል። አጎቱ ይሞታሉ። መርዶ ሲሰማ ወዲያው ይነሣል፤ ጅማን አልፎ ቦንጋ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ መኪናው አይሄድም። በታመነ ሰው ግቢ አቁሞት፣ የሌላ ሰው ላንድክሩዘር ለምኖ ለልቅሶው ይደርሳል። ነገር ግን ከድንኳን ተቀምጦ ሳለ ልቡ ቦንጋ ነው፤ ማን ይነካው ይሆን፣ ማን ይቧጭረው ይሆን እያለ ሳይመሽ ይመለሳል። በሁለተኛው ጊዜ የሞተችው የአጎቱ ልጅ ናት፤ ወሩም ሐምሌ ነው። «እስከ ቦንጋ እንኳ ምን መንገድ አለ» ይልና ገንዘብ በሰው እጅ ይልካል። በሦስተኛው ጊዜ በስልክ ያጽናናል። ከዚያ በኋላ መርዶውም ዘግይቶ ይደርሰው ጀመር፤ የማይመጣን ሰው ማን አስቀድሞ ይጠራል?

ይህ ሰው በየትኛው ቀን ነው የበደለው? ቀኑን ፈልጌ አጣሁት። መኪናውን በጭቃ አለመስበሩ ትክክል ነበር፤ ገንዘብ መላኩ ደግነት ነበር፤ በስልክም ማጽናናቱ ዝም ከማለት ይሻላል። እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ሲመዘን ንጹሕ ነው፤ ተደምረው ግን ሰውየውን ከወገኑ ለይተውታል። ስለ ንብረትና ስለ ነፍስ የተጻፈው ብዙው ትምህርት ስስትንና ትዕቢትን ይከስሳል። ይህ ሰው ስስታም አይደለም፤ ትዕቢተኛም አይደለም። መኪናው የሚሄድበትን መንገድ ብቻ ተከተለ፤ መንገዱም ዘመዶቹን መረጠለት፤ በአስፋልት ዳር ያሉት ቀሩ፣ ከአስፋልት ማዶ ያሉት ጠፉ። የቀድሞዎቹ የካፋ ነገሥታት ጠላት እንዳይገባባቸው ግዛታቸውን በጥልቅ ጉድጓድና በበር አጥረው ይጠብቁ እንደ ነበር በታሪክ ተጽፏል። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ዓ.ም. እስኪማረኩ ድረስ ያ ጉድጓድ አገሩን ከጠላት ሲከልል ኖረ። የዛሬው ሰው ግን ጉድጓዱን የሚቈፍረው በገዛ ዘመዱና በራሱ መካከል ነው። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች» ይባላል።

«መፍትሔው መንገድ መሥራት ነው» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው፤ መንገዱ ይሠራ። የማንኪራ ሰው መንገድ የሚሻው ሹመኛ ልጁ በጸጥታ እንዲገባ ብቻ አይደለምና፤ ምጥ የያዛትን ሴት ለማድረስና ቡናውን ለማውጣትም ነው። ነገር ግን ከዚያኛው ኮረብታ ማዶ ሌላ መንደር አለ፤ መንገድ ያልደረሰበት ዘመድ ምንጊዜም አይታጣም። ሌላው ደግሞ «ከፍ ያለ መኪና ይግዛ» ይለኛል። የሚችል ይግዛ፤ ብዙዎቹ ግን ሁለቱን ለመያዝ አቅም የላቸውም፤ አንዱን ምረጡ ሲባሉም የሚመርጡት የዕለት ኑሯቸው ያለበትን የአስፋልቱን ነው፤ በዚህም አልፈርድባቸውም።

ከሁሉ የሚጠነክረው ተቃውሞ ሦስተኛው ነው፤ ይኸውም «መኪና የሌለውም ሰው ዘመዱን ይረሳል» የሚለው ነው። ይረሳል። ነገር ግን መኪና የሌለው ሰው ልቅሶ ሲቀር መቅረቱን ያውቃል፤ ሌሊት ሲነቃም ኅሊናው ይወቅሰዋል። ባለ መኪናው ግን «መንገዱ እምቢ አለኝ» ብሎ ይተኛል። ትልቁ መኪና ከጸጥታውና ከወንበሩ ጋር ለባለቤቱ የሚሰጠው ስጦታ ይህ ነው፤ የራሱን እምቢታ የመንገድ እምቢታ አድርጎ ያቀርብለታል። የመንግሥት መኪና የተመደበለት ሹም ምክንያቱ ደግሞ ከዚህ ይሰፋል፤ መኪናው የርሱ አይደለምና ጭቃ እንዳይነካው መጠንቀቁ ለሥራው ታማኝ ያስመስለዋል።

እንዲህ ሲሆን ግን የማያደርጉ ባለ ትልቅ መኪናዎች አሉ፤ መኖራቸውንም መመስከር ይገባል። አስፋልቱ ባለቀበት መኪናቸውን ያቆማሉ፤ ቁልፉን ለባለ ግቢው ሰጥተው፣ ቦት ጫማ ከኋላ ሣጥን አውጥተው ይጫማሉ። ከመካከላቸው ቦት ጫማ ከመለዋወጫው ጎማ አጠገብ ዘወትር የሚያስቀምጥ አለ። ባለ በቅሎው ከልቅሶ ቤት ደጅ ሲደርስ የሚወርደውን መውረድ፣ እነዚህ ጥቂት ኪሎ ሜትር አስቀድመው ወረዱት ማለት ነው።

ሌላኛውን ሰው፣ በስልክ የሚያጽናናውን፣ ማንኪራ ያሉት አክስቱ አይወቅሱትም። ጎረቤቶች በካፍኛ «ያ ልጅሽ ዘንድሮም አልመጣም?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ ጀበናውን ከእሳት እያወጡ የሚመልሱት መልስ አላቸው። «መኪናው ትልቅ ነው፤ በዚህ መንገድ አይወጣለትም» ይላሉ።