ሐሰት ያለ ሐሳዊ

የአንድ ትልቅ ሥራ ክንውን ዛሬ በኮምፒዩተር መስኮት ላይ በሚታይ ሠንጠረዥ የሚመዘን ስለ ሆነ፣ ገንዘቡን ያወጣው ለጋሽም፣ ሥራውን ያዘዘው መሥሪያ ቤትም፣ ርክክቡን በጉጉት የሚጠብቀው ሕዝብም ሥራው የደረሰበትን የሚረዱት እቦታው ድረስ ሄደው በዓይናቸው በማየት ሳይሆን፣ በአንድ ረድፍ ትይዩ ከተቀመጠች አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ቀለምና በአጠገብዋ ከተጻፈች መቶኛ ነው። ያቺ ቀለም ከእውነቱ ርቃ ስትገኝ ማን ዋሸ ብሎ መጠየቅ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ነገሩን ከሥሩ ለመረመረ ሰው፣ ከታች እስከ ላይ አንድም ሐሳዊ ሳይገኝ ሐሰቱ ብቻውን ምሉዕ ሆኖ የሚቆምበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሐሰት ያለ ሐሳዊ ሊኖር ይችላልን? ይህን ጥያቄ ለሶፍትዌር ሠሪዎች ብቻ መተው ተገቢ አይመስለኝም።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። አንዱ ፕሮግራም ጸሐፊ የተመደበለትን ክፍል ጽፎ ይጨርሳል፤ ሥራው ገና አልተፈተነም፣ ከሌሎቹም ክፍሎች ጋር አልተገናኘም፤ እርሱ ግን የቀረው ጥቂት መሆኑን በቅን ልቡና አምኖ 90 በመቶ ብሎ ይመዘግባል። የቡድኑ መሪ ከየሰዉ የሰበሰበውን መቶኛ ደምሮ ያካፍላል፤ ሥራ አስኪያጁም አማካዩ ከታቀደው ጥቂት ቢጎድል በሚመጣው ወር ይካካሳል ብሎ ተስፋ በማድረግ ረድፉን አረንጓዴ ያደርገዋል። ጂራን የመሰሉት የሥራ መከታተያዎች ደግሞ ንኡሳኑን ሥራዎች በዐቢዩ ሥራ ሥር ሰብስበው የተዘጉትን ከጠቅላላው ቁጥር ጋር ያነጻጽራሉ፤ ስለዚህ ቀላሎቹ 40 ሥራዎች ቀድመው ተዘግተው ከባዶቹ 4 ብቻ ሲቀሩ፣ የጊዜው እኩሌታ በእነዚያ በአራቱ ውስጥ ገና ሳይነካ ተቀምጦ ሳለ፣ መስመሩ ወደ ፍጻሜው የተቃረበ ሆኖ ይታያል። በአገራችን የግንባታ ሥራ የፊዚካል አፈጻጸምና የፋይናንስ አፈጻጸም ለየብቻ እንዲጻፉ የሚደረገውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ገንዘቡ 80 በመቶ ስለ ወጣ ሕንፃው 80 በመቶ ቆሟል ማለት አይደለምና። ሆኖም ሁለቱ በአንድ ላይ ተጠቃለው «በጥሩ አፈጻጸም ላይ ይገኛል» ተብሎ ወደ በላይ አካል ሲላክ፣ በብዙ ድካም የተለየው ልዩነት መልሶ ይጠፋል።

የሂጶው ጳጳስ አውግስጢኖስ ስለ ሐሰት ሁለት ድርሳናት ጽፏል፤ አንዱን እ.ኤ.አ. በ395 ገደማ፣ ሁለተኛውን በ420 ገደማ። በእርሱ ትምህርት የሐሰት ኃጢአት የሚገኘው በቃሉ ሳይሆን በተናጋሪው ልብ ውስጥ ነው፤ ልቡ አንዱን እያወቀ አንደበቱ ሌላውን የሚናገር፣ ሁለት ልብ ያለው ሰው እርሱ ሐሳዊ ነው፤ ያልሆነውን ሆኗል ብሎ አምኖ የተናገረ ግን ተሳሳተ እንጂ አልዋሸም። በዚህ ሚዛን ከላይ ያነሣናቸው ሰዎች ሁሉ ነጻ ይወጣሉ። እኔ ግን ነገሩ በዚህ እንዲያበቃ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም፤ አውግስጢኖስም ቢሆን የማያውቀውን እንደሚያውቀው አድርጎ በችኮላ ያመነ ሰው ከሐሰት ቢነጻ ከነቀፋ እንደማይነጻ አልዘነጋውም። ሥራ አስኪያጁ ረድፉን አረንጓዴ ሲያደርግ፣ ማንን ቢጠይቅ እውነቱን እንደሚያገኝ ያውቃል፤ ቢጠይቅ የሚሰማውንም መልስ ይጠረጥራል፤ ስለዚህም አይጠይቅም። ሐሰቱ የተፀነሰው በዚህ ባልተጠየቀው ጥያቄ ውስጥ ነው፤ አለማወቁ ከገዛ ፈቃዱ የመነጨ ሰው ባለማወቁ ሊመካኝ አይገባውም።

በሐዋርያት ሥራ በአምስተኛው ምዕራፍ የተጻፈው የሐናንያና የሰጲራ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚሰበከው ስለ ስስት ነው፤ እኔ ግን ስለ ምስክርነት የተጻፈ አድርጌ አነበዋለሁ። ባልና ሚስቱ መሬታቸውን ሸጠው ከዋጋው ከፊሉን አስቀሩ፤ የቀረውን አምጥተው በሐዋርያት እግር ሥር አኖሩ። ጴጥሮስ የወቀሳቸው ስላጎደሉ አልነበረም፤ መሬቱ ሳይሸጥ የራሳቸው እንደ ነበረ፣ ከተሸጠም በኋላ ገንዘቡ በሥልጣናቸው ሥር እንደ ነበረ ለሐናንያ ገልጦ ነግሮታልና። ከፊል ይዘው መጥተው ከፊል መሆኑን ቢናገሩ ኖሮ ያመጡት በምስጋና በተቀበሉላቸው ነበር። በደላቸው ከፊሉን ምሉዕ አድርገው ማቅረባቸው ነው። ለሰጲራም ዋጋው ይህን ያህል ነበርን ተብላ ለብቻዋ በተጠየቀች ጊዜ፣ የተዛባውን የምታቀናበት በር ተከፍቶላት ነበር፤ እርስዋ ግን የባልዋን ቍጥር አጸናችው። ሥራው ያላለቀበት ሰው ያላለቀ ሥራ በእጁ ስላለ ብቻ በደለኛ አይሆንም፤ ይህን ሠራተኞች ሁሉ ቢያምኑት፣ አለቆችም ቢያምኑላቸው ምንኛ በተጠቀምን!

ነህምያ የያዘው መንገድ ሌላ ነው። የኢየሩሳሌም ቅጥር እስከ እኩሌታው በተጋጠመ ጊዜ እስከ እኩሌታው መድረሱን ጻፈ። በኋላም ጠላቶቹ ሰንባላጥና ጦብያ፣ ዐረባዊው ጌሳምም ቅጥሩ እንደ ተሠራና ፍራሽ እንዳልቀረበት በሰሙ ጊዜ፣ እርሱ ወሬውን በዚያው ትቶ አላለፈም፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በበሮቹ ሳንቃዎቹን እንዳላቆመ ጨምሮ መዘገበ። ጠላቶቹ ሳይቀሩ ሥራው አለቀ ብለው ባመኑበትና ይህ እምነታቸው በሚጠቅመው ሰዓት የጎደለውን መጻፉ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ መዝጊያ የሌለው ቅጥር ከተማ አይጠብቅምና፣ የቀረው በመጠን ኢምንት፣ በግብሩ ግን ዋናው ነበር። ከዚህ በኋላ ነው ቅጥሩ በ52 ቀን፣ ኤሉል በተባለው ወር በ25ኛው ቀን ተፈጸመ ብሎ ቀኑን ቈርጦ የጻፈው። የአይ.ቢ.ኤምን ኦ.ኤስ. 360 የተባለ ታላቅ ሶፍትዌር ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ የሥራ ምዕራፍ ምልክት ሠሪው ራሱን እንኳ ሊያታልልበት እስከማይችል ድረስ የተለየና የጠራ ይሁን ብሎ የመከረው ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው፤ ሳንቃው ቆሟል ወይም አልቆመም፤ 90 በመቶ ቆሟል አይባልም።

ሆኖም ሸክሙን ሁሉ በተናጋሪው ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም፤ ሰሚውም ዕዳ አለበት። አለን ሙላሊ እ.ኤ.አ. በ2006 የፎርድ መኪና ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኖ ሲሾም፣ ሹማምንቱ በየሳምንቱ ተሰብስበው የየክፍላቸውን ሁኔታ በሦስቱ ቀለማት እንዲያሳዩ አዘዘ። ኩባንያው በዚያ ዓመት ከ12 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲከስር፣ በመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች የቀረበው ሁሉ አረንጓዴ ነበር። በሙያው ያሉ ሰዎች እንዲህ ያለውን ሪፖርት ሐብሐብ ይሉታል፤ ልጣጩ አረንጓዴ፣ ሥጋው ቀይ ነውና። በመጨረሻ ማርክ ፊልድስ የተባለው ሹም፣ በካናዳ በኦክቪል ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ኤጅ የተባለ መኪና እክል ስለ ተገኘበት ለገበያ መውጣቱ እንደሚዘገይ ገልጦ ቀዩን አሳየ። ሌሎቹ መባረሩን ሲጠብቁ ሙላሊ አጨበጨበለት፤ ማን ሊረዳው እንደሚችልም ጉባኤውን ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ነው የሌሎቹም ሠንጠረዦች ቀለማቸውን መለወጥ የጀመሩት። ኑዛዜ የሰማውን ሁሉ በቍጣ የሚመልስ የንስሐ አባት ባለበት ደብር ተነሳሒ አይገኝም፤ ስለዚህ ቀይ ባየ ቍጥር የሚቈጣ አለቃ፣ እርሱ ራሱ የአረንጓዴው ሐሰት ተባባሪ ነው ብዬ ያለ ጥርጥር እናገራለሁ።

ሐሰተኛው አረንጓዴ ከሰው የሚወስደው ከሁሉ በላይ ጊዜን ነው። የበርሊን ብራንደንቡርግ አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 2012 እንዲከፈት ተቀጥሮ ሳለ፣ የእሳት መከላከያው ሥርዓት ባለመድረሱ እንደማይከፈት ለሕዝብ የተነገረው ሜይ 8 ቀን፣ አራት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው ነበር፤ ሱቅ ተከራይተው ሠራተኛ የቀጠሩ ነጋዴዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ፤ ማረፊያውም የተከፈተው ኦክቶበር 31 ቀን 2020 ነው። ሠንጠረዡ ከቀለሙ ጋር ሥራውን ማን በዓይኑ እንዳየው፣ መቼ እንዳየው፣ ምንስ እንደ ቀረ ቢያሳይ፣ የታየውንም ከሚጠበቀው ለይቶ ቢያስቀምጥ፣ አንባቢው የሚያዝንበት ቀን ቢመጣ እንኳ የሚመክርበት ጊዜ ይተርፈዋል። አዲሱ ሕንፃ ለመስከረም እንደማይደርስ በሚያዝያ የተነገረው ርእሰ መምህር ሌላ ቤት ይከራያል፣ ፈረቃውን ያስተካክላል፣ ወላጆችን ሰብስቦ ያወያያል፤ ያንኑ ነገር በጳጉሜን የሰማው ግን የተመዘገቡትን ልጆች ከበር ይመልሳል።