ሳተላይቱ የማያየው ቦይ

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም



መድረሳ የፊቅህ ኪታብ ስንጀምር መጀመሪያ የቀራነው ስለ ውሃ ነበር። ኡስታዛችን ሦስት ነገር ያስቆጥሩን ነበር፦ ቀለሙ፣ ጣዕሙ፣ ሽታው። ነጃሳ ገብቶ ከሦስቱ አንዱን ከለወጠው፣ ውሃው ብዙ ቢሆንም ለውዱእ አይሆንም። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ደግሞ ከሦስቱ አንዱን፣ ቀለሙን፣ ከሰማይ ሆነው የሚመረምሩ እንዳሉ ተማርኩ።

ሴንቲኔል-2 የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ከ786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው አንድን ቦታ በየ5 ቀኑ ገደማ ያነሳሉ። የሚለኩት ውሃው መልሶ የሚልከውን የፀሐይ ብርሃን ነው። አልጌ የበዛበት ውሃ ሰማያዊውንና ቀዩን ብርሃን ውጦ አረንጓዴውን ይመልሳል፤ ደለል የበዛበት ወደ ቡናማ ያደላል። ጉማራና ርብ በክረምት ወደ ጣና የሚያስገቡት አፈር በዚህ መንገድ ይታያል። ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሐይቁን ያስቸገረው የእምቦጭ አረም ስርጭትም በሳተላይት ምስል ይጠናል። ሱብሃነላህ! የሰው ልጅ ይህን ያህል ማየት ከቻለ፣ የፈጣሪው እይታ እንዴት ይሆን?

አሁን ወደ ሆጤያችን እንመለስ። የዚህ ሳተላይት ምስል ትንሿ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። ከዚያ የጠበበ ቦይ ከዳሩ አፈርና ሣር ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋዋል። ደመና ከሸፈነ አያይም። በጨለማም የውሃ ቀለም አይለይም። እኛስ ቆሻሻ የምንደፋው መቼና የት ነው? በክረምት፣ በደመና፣ በሌሊት፣ ጠባቡ ቦይ ውስጥ!

ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ባለፈው ክረምት ለሱብሂ ስወጣ፣ ጎርፉ ይውሰደው ብዬ ቆሻሻ የሞላ ፌስታል ቦይ ውስጥ ጥያለሁ። ከዚያ መስጂድ ገብቼ በንጹሕ የቧንቧ ውሃ ውዱእ አደረግኩ። ጎርፉ የት ነው የሚወስደው ብዬ ያሰብኩት ሰግጄ ስመለስ ነው።

ቦያችን ወደ ቦርከና ይወርዳል። ቦርከና ኮምቦልቻ ላይ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባባቸውን ለዮሌንና ወርቃን ይዞ ወደ ጨፋ ሜዳ ይዘልቃል። እዚያ ከብት ይጠጣዋል፤ ማሳ ይጠጣበታል። እንግዲህ ይህ በእኔና በአላህ መካከል ብቻ የሚቀር ወንጀል አይደለም፤ የሰው ሐቅ አለበት። ከብቱ የታመመበት ሰው ቢኖር ስሙን አላውቅም። አፉ በለኝ ልለው የት አገኘዋለሁ?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በረጋ ውሃ ውስጥ መሽናትን፣ ሰዎች ውሃ በሚወርዱበት ቦታ መጸዳዳትን ከልክለውናል። አላህ በሱረቱል አንዓም 59ኛው አንቀጽ፣ አንዲት ቅጠል እንኳ እሱ ሳያውቃት እንደማትወድቅ ነግሮናል። ቅጠሏ ካልተሰወረችው ፌስታሉ ይሰወረዋል?

ከዚህ ጁሙዓ ጀምሮ ሁላችንም ደጃችን ያለውን ቦይ አማና እናድርገው። ዝናብ ጠብቆ የመጸዳጃ ጉድጓዱን የሚለቅ ጎረቤት ካለ፣ ሰው ፊት ሳናሳፍረው ለብቻው በመልካም ቃል እንምከረው። ተውበት ማለት ማዘን ብቻ አይደለም፤ ማቆምም ነው።

ያ ረብ! ማንም በማያየን ቦታ አንተን ከሚያፍሩህ ባሮችህ አድርገን። አሚን።

ሱረቱል ከህፍን መቅራትና በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛት እንዳንረሳ። መልካም ጁሙዓ!