ሪሞቱ በእናትህ እጅ ይለካ

ልጄ፣ ለእናትህ ከቲቪው ጋር የሚገጠም የኢንተርኔት ቦክስ ልትገዛላቸው ማሰብህ ደስ አሰኝቶኛል። አሜሪካ መጥተው ልጆቻቸው ዘንድ የተቀመጡ እናቶች ቀኑን እንዴት እንደሚገፉት አውቃለሁና። ልጅ ሥራ ይውላል፣ የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ይውላል፤ ትልቁ ቲቪ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እሳቸው ግን የሚከፍትላቸው ሰው ሲጠብቁ ይመሻል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ ከመግዛትህ በፊት ስማኝ። መለኪያህ የእናትህ ዐይንና ጣት ይሁን። አንተ ስለ ፍጥነቱና ስለ ምስሉ ጥራት ትጨነቃለህ፤ እሳቸው የሚሹት ጠዋት ቅዳሴ፣ ከሰዓት ዜና፣ እሁድ ደግሞ የኢቢኤስን ዝግጅት ነው። አብዛኛው ዩቲዩብ ላይ አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ሺህ ፊልም የሚያመጣ ዕቃ ሰጥተህ ያቺን የጠዋት ቅዳሴ እንዳታሳጣቸው።

ሱቅ ስትገባ መጀመሪያ ሪሞቱን እይ። ቦክሱ ሌላ፣ ቲቪው ሌላ ሪሞት ካለው እናትህ ድምፅ ለመጨመር አንዱን፣ ቻናል ለመቀየር ሌላውን ሲያነሱ ይምታታባቸዋል። ስለዚህ የቲቪውን ማብሪያና የድምፁን ቁልፍ አብሮ የያዘ ሪሞት ያለውን ምረጥ። ለዓመታት በርካሽ ሲሸጥ የኖረው ሮኩ ኤክስፕረስ የተባለው ቦክስ ይዞት የሚመጣው ተራ ሪሞት እነዚህ ቁልፎች የሉትም፤ ለእነሱ ስትል ጥቂት ዶላር ጨምረህ በድምፅ የሚታዘዘው ሪሞት ያለውን ሮኩ ውሰድ። ሪሞት የሌለውንማ አትንካው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የመጀመሪያው ክሮምካስት ዋጋው 35 ዶላር ብቻ ነበር፤ ግን የሚታዘዘው በስልክ ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ ስልኩን የያዘው ልጅ ከቤት ሲወጣ ለእናትየው አይጠቅምም። አፕልም በ2015 ጣት የሚንሸራተትበት ሪሞት አውጥቶ ብዙ ሰው ካማረረበት በኋላ፣ በ2021 የሚጫኑ የአቅጣጫ ቁልፎች ጨምሮበታል። ያረጀ ጣት ተጭኖ የሚሰማውን ቁልፍ ይወዳል።

በድምፅ ይታዘዛል የሚለውን ማስታወቂያ ሰምተህ ብቻ አትግዛ። የድምፅ ረዳቶቹ አሌክሳም ሆነች ሲሪ አማርኛ አይሰሙም። እናትህ እንግሊዝኛ የማይቀናቸው ከሆነ ያ በድምፅ የማዘዣ ቁልፍ ለእሳቸው የለም ብለህ አስብ።

የእኔ ፍርድ ሮኩ ነው። ሲከፈት አፖቹ በትልልቁ ተደርድረው ይታያሉ፤ ቢጠፋባቸው ደግሞ የቤት ምልክት ያለባትን ቁልፍ መጫን ብቻ ነው፣ ወደ መጀመሪያው ይመልሳቸዋል። የአማዞኑ ፋየር ስቲክም ጥሩ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ገጹ ላይ ማስታወቂያው ይበዛል፣ አዛውንትን ያደናግራል። አፕል ቲቪ ንጹሕ ነው፤ ዋጋው ግን ውድ ነው፤ በ2022 የወጣው እንኳ ሲወጣ ከ129 ዶላር ይጀምር ነበር። ይሁንና አንተ የለመድከው ፋየር ስቲክ ከሆነ ለእሳቸውም እሱኑ ግዛ። “አሁን ምን ይታይዎታል?” ብለህ ከሥራ ቦታ በስልክ ስትጠይቃቸው፣ የሚያዩትን አንተም በዐይነ ሕሊናህ ማየት አለብህ።

“አንዴ ገዝተህ ሁሉን በነጻ ታያለህ” እየተባለ የሚሸጠውን ስም የለሽ ቦክስ ግን እርም በል። ሣሩን እንጂ ገደሉን አላየም የተባለው በሬ እንዳትሆን። የአሜሪካው ኤፍቢአይ በሰኔ 2025 እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ባድቦክስ 2.0 በተባለ ተንኮለኛ ሶፍትዌር ተበክለው የቤቱን ኢንተርኔት ለወንጀለኞች መንገድ እንደሚያደርጉ አስጠንቅቋል። ሌላም አለ። ሮኩን ለማስጀመር ገንዘብ አይከፈልም፤ “ማስጀመሪያ ክፈሉ” የሚል ድረ ገጽ ወይም ስልክ ከመጣ ሌባ ነው። ይህን ለእናትህም ደጋግመህ ንገራቸው፤ አዛውንት የሚዘረፈው ሌቦች በአክብሮት ስለሚያነጋግሩት ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ወደ ሥራ ስትወጣ በችኮላ ሰክተህ አትሂድ። ሰፊ ጊዜ ይዘህ ተቀመጥ። ኃይሉን ከቲቪው ዩኤስቢ ሳይሆን አብሮት ከመጣው ቻርጀር ግድግዳ ላይ ሰካ፤ የቲቪው ዩኤስቢ አንዳንዴ አይበቃውም። የማያዩትን አፕ ሁሉ አጥፋ፣ ዩቲዩብን ፊት ላይ አድርግ። ለእሳቸው ለብቻቸው አካውንት ክፈትና የሚወዷቸውን ቻናሎች ራስህ ሰብስክራይብ አድርግላቸው፤ በቀስት አንድ አንድ ፊደል እየለቀሙ መጻፍ ለእሳቸው ቅጣት ነው። አንዱ ሲያልቅ ሌላ ቪዲዮ በራሱ እንዳይቀጥል ዝጋው፤ ቅዳሴው አብቅቶ ምን እንደሚከተል አይታወቅምና። ሳያውቁ እንዳይገዙም ፒን አድርግበት።

ከዚያ በኋላ በሚገባ እየሠራ ሳለ አዲስ ሞዴል ወጣ ብለህ አትለውጥባቸው፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንብሃል።

ደግሞ አደራ፣ በሳምንቱ እንደገና አብረሃቸው ተቀመጥ። ሪሞቱን ከእጃቸው አትቀበል፤ ራሳቸው ይክፈቱ፣ ራሳቸው ይፈልጉ፣ ሲሳሳቱም ዝም ብለህ ጠብቃቸው። የቸገራቸውን ቦታ አይተህ በትልልቅ የአማርኛ ፊደል ወረቀት ላይ ጻፍና ከቲቪው አጠገብ ለጥፍላቸው።