የጠፋ ዓመት ይመለሳልን?

ሰው በራሱ ጥፋት ሳይሆን በደረሰበት ጉዳት ያጣውን ዕድል መልሶ ሊያገኝ ይገባዋልን? ይገባዋል ካልንስ የሚመለስለት ከማን ድርሻ ተወስዶ ነው? ይህ ጥያቄ በትምህርት ቤት፣ በሥራ ቦታና በቤተሰብ ውስጥ ዘወትር ይነሣል። እኛም ጥያቄው ጎልቶ በሚታይበት በአንድ ስፍራ፣ ይኸውም በአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ልንመረምረው ወደድን። ነገሩ የሩቅ አገር ቢሆንም፣ ኖተር ዳምን፣ ጆርጅታውንንና ቪላኖቫን የመሳሰሉ ካቶሊካውያን ዩኒቨርሲቲዎች የሚሳተፉበት ስለ ሆነ ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም።

በዚያ አገር የብዙዎቹን ኮሌጆች ውድድር የሚመራው በአህጽሮት ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. የተባለው ማኅበር ነው። በማኅበሩ ከፍተኛ ምድብ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት በኖረው ደንብ መሠረት፣ አንድ ተማሪ ኮሌጅ ከገባ በኋላ በሚቆጠሩ 5 ዓመታት ውስጥ በ4 የውድድር ዘመናት ብቻ ይሳተፋል። ነገር ግን በውድድሩ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ክፉኛ ተጎድቶ የቀረውን ጊዜ መወዳደር ያልቻለ፣ የተሰለፈባቸውም ግጥሚያዎች በመሠረቱ ከጠቅላላው 30 በመቶ ያልበለጡ እንደ ሆነ፣ የሐኪም ማስረጃ ቀርቦለት ያ ዓመት እንዳይቆጠርበት ይጠየቅለታል። ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት ከአንድ ዓመት በላይ ያጣም እንደ ሆነ 5ቱ ዓመት ራሱ ሊራዘምለት ይችላል። ካም ማኮርሚክ የተባለው የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ2016 ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ደጋግሞ በመጎዳቱ ዓመት እየተጨመረለት፣ በ2024 በማያሚ ዩኒቨርሲቲ 9ኛ ዓመቱን ለመጫወት በቅቷል።

ይህን የሚቃወሙ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ቀላል አይደለም። ጉዳት ከስፖርት የማይለይ ስለ ሆነ ወደ ሜዳ የገባ ሁሉ አውቆ ገብቷል ይላሉ። አካሉ የጠነከረ ጎልማሳ ገና ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከወጣ ልጅ ጋር መጋጠሙም ያስተዛዝባል ይላሉ። ሆኖም ለተማሪው የተፈቀደለት 4 ጊዜ መወዳደር እንጂ 4 ዓመት በአልጋ ላይ መቁጠር አልነበረም። ስለዚህ ለተጎዳው ዓመት ሲጨመርለት ከባልንጀሮቹ የበለጠ አልተሰጠውም፤ ከእነርሱ ጋር ተስተካከለ እንጂ። እዚህ ላይ የተጨመረው ዓመት የርኅራኄ ስጦታ ከመሆኑ አስቀድሞ የፍትሕ ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ ሕግ ወሰን ያስፈልገዋል፤ ወሰንም ባለበት ሁሉ በወሰኑ ማዶ የሚወድቅ አለ። ሁለት ተማሪዎች በአንድ ዓይነት ጉዳት እግራቸው ቢሰበር፣ አንዱ ከውድድሩ ሩቡን፣ ሌላው ግማሹን ተጫውቶ ቢሆን፣ የመጀመሪያው ዓመቱ ይመለስለታል፤ ሁለተኛው ግን ሙሉ ዘመን እንደ ተጫወተ ይቆጠርበታል። አርስጣጣሊስ በሥነ ምግባር መጽሐፉ፣ ቅዱስ ቶማስ አኲናስም እርሱን ተከትሎ እንዳስተማሩት፣ ሕግ የሚናገረው በጠቅላላው ስለ ሆነ ያልታሰበ ነገር ሲያጋጥም የሕጉን ዓላማ ተመልክቶ የሚያቀና በጎነት ያስፈልጋል። በቋንቋችን ፍትሕና ርትዕ ተጣምረው መጠራታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ርትዕ ማዳላት አይደለም። ለዝነኛው ተጫዋች የተፈቀደው ስሙን ማንም ለማያውቀው ተጠባባቂም ካልተፈቀደ፣ ርትዕ መሆኑ ቀርቶ ለሰው ፊት ማድላት ይሆናል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በደጅ የቆመው ሦስተኛው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ውድድሮች ሲቋረጡ ማኅበሩ በመጀመሪያ ለፀደይ ወራት ስፖርተኞች፣ ቆይቶም ለሌሎቹ ተጨማሪ ዓመት ፈቀደ። ነባሮቹ ሲቆዩ ግን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥተው ተራቸውን ይጠብቁ ለነበሩት ወጣቶች ቦታው ጠበበ። በቡድን ውስጥ ያለው ቦታ የተወሰነ ነውና፤ እስከ 2025 ድረስ በከፍተኛው የአሜሪካ ፉትቦል ምድብ አንድ ኮሌጅ መስጠት የሚችለው የትምህርት ዕርዳታ ለ85 ተጫዋቾች ብቻ ነበር።

ጌታችን ስለ ወይን አትክልት ሠራተኞች የተናገረው ምሳሌ (ማቴ. 20፥1-16) ለዚህ ነገር ብርሃን ይሰጠናል። የወይኑ ባለቤት በመጨረሻው ሰዓት ለመጡት ሙሉ ደመወዝ ሲከፍል ከራሱ ገንዘብ ከፈለ እንጂ ማለዳ ከመጡት ዲናር ላይ አልቀነሰም። ስለዚህም ቸርነቱ ማንንም አልበደለም። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ቸር የምንሆነው በሌላው ሰው ድርሻ ነው። ኮሌጅ ለተጎዳው ዓመት ሲመልስ ወጪውን ራሱ ቢሸከም፣ ቦታም ቢጨምር፣ የወይኑን ባለቤት ይመስላል። ዕዳውን በዝምታ በደጅ ለቆመው ወጣት ካሸከመው ግን አንዱን ጉዳት በሌላ ጉዳት ተካ ማለት ነው። ወጣቱ ያጣው ዕድል ትንሽ ነው ብሎ ማለፍም አይገባም። አበው እንደሚሉት «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ነውና።

እንግዲህ የተጎዳው ዓመት ይመለስለት እንላለን፤ ለሁሉም በአንድ ሚዛን፣ ዋጋውም አቅም ባለው ተከፍሎ። ይህን በቁምስናችንም እንለማመድ። ታሞ ፈተና ያለፈው ተማሪ ዳግመኛ ሲፈተን፣ በሐዘን ምክንያት ከትምህርተ ክርስቶስ የቀረው ልጅ ምሥጢረ ሜሮንን ለመቀበል ጊዜ ሲሰጠው፣ ጨምረን እንድንደክም የሚገባን እኛ መምህራኑ ነን። በተራው የቆመውን ልጅ ወደ ኋላ ገፍተን «ምሕረት አደረግን» አንበል። ምሕረት የሚያደርግ ሰው አስቀድሞ የገዛ እጁን ይመልከት፤ የሰጠው ከራሱ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ይታወቀዋልና።