ስለ ዳቦውና ስለ ዛፉ

ሰው በጎ ሥራ ሲሠራ ከሥራው ጋራ የራሱን ደስታ ቢፈልግ፥ የሥራው በጎነት ይቀንሳልን? ወይስ እንደ ነበረ ይቈያል? ይህ ጥያቄ ለፈላስፎች ብቻ የተተወ ይመስላል። ነገር ግን ሰው ለአንድ በጎ ጉዳይ በተሰበሰበበት ስፍራ ሁሉ የሚነሣ ጥያቄ ነው። እኔም የገጠመኝ በመጽሐፍ ውስጥ ሳይሆን በአንድ የተራቈተ ኮረብታ ላይ ነው። መልሱን ያገኘሁት ዋጋ ተከፍሎበት ነው፤ ዋጋውን የከፈልሁት እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ ግን ይህን ጽሑፍ ባልጻፍሁም ነበር።

ከማስተማር ሥራ በጡረታ ከተሰናበትሁ በኋላ፥ የሰፈራችን ወጣቶች ያቋቋሙት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አማካሪ እንድሆን ለመነኝ። ክበቡ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ጧት ከከተማችን በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ይሰበሰባል። በክረምት ችግኝ ይተክላል፤ በበጋ ይኰተኵታል፥ ውሃ ያጠጣል፤ ጐርፍ አፈሩን እንዳይወስደው የድንጋይ እርከን ይሠራል። ከዚህም ጋራ ቡና ይፈላል፥ ዳቦ ይቈረሳል፥ ቆሎ ይዞራል፤ ይዘፈናል፥ ፎቶግራፍ ይነሣል። መጀመሪያ በሄድሁበት ቀን ሰዓቴን ብመለከት፥ ሥራው አንድ ሰዓት ተኩል፥ ቡናውና ጨዋታው ሁለት ሰዓት ፈጀ።

ይህ ነገር ቅር አሰኘኝ። እኔ ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ የምንነሣው በደወል፥ የምንሠራው በደወል ነበር። መምህሮቻችን ደጋግ ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ግዴታና ደስታ በአንድ ወንበር እንደማይቀመጡ አድርገው አሳድገውናል። የአትክልቱን ቦታ ስንቈፍር የሣቀ ልጅ ልቡ በሥራው ላይ እንደሌለ ይቈጠርበት ነበር። ኋላም ካንት የተባለውን የጀርመን ፈላስፋ ሐሳብ ባነበብሁ ጊዜ፥ የልጅነት ትምህርቴ የተረጋገጠልኝ መሰለኝ። ካንት በ1785 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሰው በጎ ነገርን ደስ ስለሚያሰኘው ብቻ ቢሠራው፥ ሥራው የሚመሰገን ቢሆንም እውነተኛ የግብረ ገብ ዋጋ የለውም፤ ዋጋ የሚኖረው ግዴታው መሆኑን ዐውቆ ሲሠራው ነው ይላል።

ስለዚህ ክበቡን ላስተካክል ተነሣሁ። በኅዳር ወር በአንድ ቅዳሜ፥ ከእንግዲህ ወዲያ ቡናም ዳቦም እንደማይኖር ለወጣቶቹ ነገርኋቸው፤ በእርሱ ፈንታ የስም መጥሪያ መዝገብ አመጣሁ። በመካከላቸው አንድ የገጠር ልጅ ነበረ። በከተማችን የቀን ሥራ እየሠራ የሚኖር፥ ዘመድ የሌለው ዝምተኛ ልጅ ነው። ዳቦ ሲቈረስ ሁልጊዜ ከፊት ይቀመጥ ነበር። ዳቦው መቅረቱን በተናገርሁ ጊዜ ፊቱ ሲለወጥ አየሁና፥ በሰው ሁሉ ፊት «አንተ መቼም የምትመጣው ለዛፉ ሳይሆን ለዳቦው ነው» አልሁት። ጥቂቶች ሣቁ። እርሱ ምንም አልመለሰልኝም። እስከ መጨረሻው ከሌሎቹ ጋራ ሠራ፤ ዶማውን ከጭቃው ጠርጎ ከቦታው አኖረና ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ አልተመለሰም።

ከአርባ በላይ የነበሩት ወጣቶች ሁለት ወር ሳይሞላ ዘጠኝ ቀሩ። እኔ ግን አላዘንሁም። እንዲያውም ገለባው ከስንዴው ተለየ ብዬ በልቤ ደስ አለኝ። አስተውል፥ አንባቢ ሆይ! የሌሎቹን ደስታ ከለከልሁና የራሴን ደስታ አስቀረሁ። እነርሱ በቡና ይደሰቱ ነበር፤ እኔ ከእነርሱ የተሻልሁ በመሆኔ እደሰት ነበር። ከሁለቱ የትኛው የከፋ እንደ ሆነ ያን ጊዜ አልመረመርሁም።

ጥር ገባ። በሐምሌ የተከልነው ወይራና ዋንዛ ይደርቅ ጀመር። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ በምሥራቅ በኩል ባለው ተዳፋት ላይ የነበሩት ችግኞች ናቸው፤ እስከ ኅዳር ድረስ ከሌሎቹ ሁሉ ለምልመው ነበርና፥ አሁን ግን ከሌሎቹ ጋራ ጠወለጉ። አንድ ቀን ቆሜ ስመለከታቸው፥ ቀድሞ ቡና ያፈሉልን የነበሩት፥ ቤታቸው ከኮረብታው ግርጌ የሆነ አንዲት እናት ወደ እኔ መጡ።

«መምህር፥ ያ ልጅ ወዴት ሄደ?» አሉኝ።

«የትኛው ልጅ፥ እማማ?»

«ረቡዕ ረቡዕ ጎሕ ሳይቀድ ከምንጩ በጀሪካን እየቀዳ ይህን የሚያጠጣው ነዋ! እኔስ እርስዎ ያዘዙት መስሎኝ ነበር።»

እኔ አላዘዝሁትም፤ ማንም አላዘዘውም። ይሠራበት ወደ ነበረው ሕንፃ ሄጄ ብጠይቅ፥ ሥራው አልቆ ወደ ሌላ ከተማ መሄዱን ነገሩኝ። የሄደበትን የሚያውቅ ግን አልነበረም። ስሙን እንኳ በመዝገቤ ላይ ብፈልግ፥ መዝገቡን ያመጣሁት እርሱ በተለየን ቀን ነውና፥ የተጻፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ብዙ አሰብሁበት። ያ ልጅ ለዳቦው ይመጣ ነበርን? ምናልባት ይመጣ ነበር። የቀን ሠራተኛ ነው፤ ይርበዋል። ከዳቦውም ይልቅ አብሮት የሚቀመጥ ሰው የራበው ይመስለኛል። ነገር ግን ረቡዕ ጎሕ ሳይቀድ በኮረብታው ላይ ዳቦ አልነበረም፤ የሚያይ ሰውም አልነበረም። እንግዲህ ለዳቦ የመጣ ሰው ለዛፉ ሊቀር ይችላል ማለት ነው። ይህን ሳላውቅ አርባ ዓመት ሰው ሳስተምር ኖርሁ።

አባቶቻችን ግን ያውቁት ነበር። ደቦ ሲጠራ ባለ እርሻው ጠላውን ጠምቆ፥ እንጀራውን ጋግሮ ይጠብቃል። አጫጆቹም ዜማ እየተቀባበሉ፥ እየተፎካከሩ ያጭዳሉ። «እገሌ የመጣው ለጠላው ነው» ተብሎ አይታማም፤ የሚታማው ሳይመጣ የቀረው ነው። በወንፈልም ዛሬ እኔ ለአንተ፥ ነገ አንተ ለእኔ ተባብለው ይሠራሉ፤ ማንም ጥቅሙን ስለ ፈለገ ክፉ ነው አይባልም። ከእነርሱ እጅግ ርቆ የኖረው አርስቶትልም፥ በጎ ሥራ በመሥራቱ ደስ የማይለው ሰው ገና በጎ ሰው አይደለም ብሎ አስተምሯል። ካንት የተሳሳተ ነው አልልም፤ ደስታው ሲያልቅ ግዴታን ያላወቀ ሰው ከሥራው እንደሚሸሽ እርሱ በደንብ ተመልክቷል። ነገር ግን ካንት የጻፈው ሰው የራሱን ልብ እንዲመረምርበት ነው፤ እኔ ግን የሌላውን ልብ መረመርሁበት። ስሕተቴ በዚህ ላይ ነው።

ወጣት ሆይ፥ ይህን ሰምተህ «እንግዲያስ ቡናው ይበቃል» እንዳትል። ከደቦ በኋላ ማሳው ይታያል። ጠላው አልቆ አዝመራው እንደ ቆመ ቢያድር፥ ያ ደቦ አይባልም፤ ድግስ ነው። በአገራችን ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን የሚበልጥ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ሕዝብ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ በአንድነት መነሣቱ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን በተተከለበት ቀን ዛፍ የሆነ ችግኝ የለም። ፎቶግራፉ የሚነሣው በሐምሌ ነው፤ ፈተናው የሚመጣው ውርጩ በሚወርድበት በታኅሣሥ፥ ምንጩ በሚቀንስበት በጥር፥ ፍየሉ ለምለም ነገር በሚያጣበት በየካቲት ነው።

የኬንያዋ ዋንጋሪ ማታይ በ1977 እ.ኤ.አ. ንቅናቄያቸውን ሲጀምሩ፥ በናይሮቢ በአንድ መናፈሻ ውስጥ ሰባት ዛፎች ተተክለው ነበር። ከሰባቱ ጸንተው የቈዩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ንቅናቄው ግን ከዚያ በኋላ አደገ፤ እርሳቸውም በ2004 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። ለችግኝ አፍዪዎቹ ሴቶች ጥቂት ገንዘብ ይሰጣቸው ነበር፤ ይህም የሚሰጠው ለተተከለው ሳይሆን ጸድቆ ለተገኘው ነው። ሴቶቹ ያን ገንዘብ ይፈልጉት ነበር፤ ድኾች ነበሩና። ገንዘቡን መፈለጋቸው ግን ከዛፉ ላይ አንዲት ቅጠል አላጐደለም።

«ጸድቆ» ማለቴን ልብ በል። በቋንቋችን ችግኝ ሥር ሰድዶ ሲይዝ ጸደቀ እንላለን፤ ሰውም ሲሆንለት ጸደቀ እንላለን። ይህን ቃል በሕፃንነቴ ተምሬው በሽምግልናዬ ገባኝ። ችግኝ በተተከለ ዕለት አይጸድቅም፤ ሰውም እንደዚሁ ነው። በመጀመሪያው ቀን ለምን እንደ መጣ ጠይቀን የምንፈርድበት ከሆነ፥ ገና ሥር ያልሰደደውን ነቅለን እንደ መመልከት ነው። እንዲህ የተደረገ ችግኝ ደግሞ አይጸድቅም።

አሁን ክበባችን እንዲህ ይሠራል። ቡናው ተመልሷል፤ የሚፈላው ግን ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ወጣት አምስት አምስት ችግኝ በስሙ ተረክቧል፤ ጉድጓዱን ከዝናቡ አስቀድሞ ይቈፍራል፤ ሲተክል በችግኙ ሥር ያለውን ፕላስቲክ ቀድዶ ያወጣል፤ ዙሪያውን በእሾህ ያጥራል። ከበላንበት ስፍራ አንዲት ፌስታል እንኳ ትተን አንወርድም። በየዓመቱ በጥር የቆመውን ዛፍ እንቈጥራለን፤ ያን ቀንም ድግሱ ከሐምሌው ይበልጣል። ከሄዱት ወጣቶች ብዙዎቹ ተመልሰዋል። አዲስ ሰው ሲመጣም ለምን እንደ መጣ አልጠይቀውም፤ የምጠይቀው መቼ እንደሚመለስ ነው።

በምሥራቁ ተዳፋት ላይ ከነበሩት ችግኞች ዐሥራ አንዱ ተርፈዋል። ረቡዕ ረቡዕ የማጠጣቸው እኔ ነኝ። ጉልበቴ ስለ ደከመ የምሸከመው ግማሽ ጀሪካን ነው፤ ሲነጋም እዚያው እቀመጣለሁ። ደስ ይለኛል፤ ደስታዬንም ከእንግዲህ አልደብቀውም። አንባቢ ሆይ፥ በየትኛውም ከተማ በሕንፃ ሥራ ላይ አንድ ዝምተኛ የገጠር ልጅ ብታገኝና፥ ከኮረብታ ላይ ዛፍ ያጠጣ እንደ ነበረ ቢነግርህ፥ አንድ ሽማግሌ መምህር ይቅርታ ሊጠይቀው እንደሚፈልግ ንገርልኝ። ዳቦም አለ በለው።