ማዳን ውድድር ይሆናልን?

ለመሆኑ ነፍስ ማዳን ሰውን የሚያወዳድር ነገር ነው? ጥያቄው ገና ሲሰሙት ነውር ያለበት ይመስላል። ሰው በወንዝ ሲወሰድ ሰዓት ይዞ «ማን ቀደመ?» የሚል ዳኛ ይታየናል። ዳሩ ግን ነገሩ በዓለም ላይ አለ። በአውሮፓ የቀይ መስቀል ማኅበራት የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪዎቻቸውን ያወዳድራሉ፤ ቁስል በቀለም የተሣለበት ሰው እየጮኸ ይተኛል፣ ቡድኑ ይደርሳል፣ ዳኛው ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርጋል። የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ከተጨማደደ መኪና ውስጥ ሰው በማውጣት ከየአገሩ እየመጡ ይፎካከራሉ።

እኛ ይህን አንነቅፍም። ደግ ልብ ብቻውን ሰው ከውሃ አያወጣማ! ዋና ሳይችል ዘሎ የሚገባ ሰው ደግነቱ አያጠራጥርም፤ ሬሳው ግን ሁለት ይሆናል። ስለዚህ ለአዳኝ ችሎታ የሞያ ጌጥ ሳይሆን የኅሊና ግዴታ ነው እንላለን። ውድድር እጅን የሚያሠለጥን ከሆነ ይደረግ፤ ዋንጫውም ይሰጥ።

ችግሩ ሌላ ነው። በውድድር ሜዳ የተፎካካሪያችን መዘግየት ለእኛ ትርፍ ነው። በአደጋ ቀን ግን የዚያው ሰው መዘግየት የሁላችንም ኪሳራ ይሆናል። ታዲያ አንድ ሰው እነዚህን ሁለት ልማዶች በአንድ ደረት እንዴት ይዞ ይኖራል? ኅዳር 28 ቀን 1981 ዓ.ም. አርመንያ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ ከብዙ አገር አዳኞች ጎረፉ። ጉብዝና ነበራቸው፤ የጋራ አሠራር ግን አልነበራቸውም። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1991 በተባበሩት መንግሥታት ሥር የፍለጋና የነፍስ አድን አማካሪ ቡድን ተቋቋመ። ዛሬ ቡድኖች ከሌላ አገር በመጡ የሞያ ባልደረቦቻቸው ይፈተናሉ። ፈተናው ከባላንጣ ጋር ሳይሆን ከመለኪያ ጋር ነው፤ ሁሉም ቢያልፉ የሚከፋው የለም። ይህ ከዋንጫው ይሻላል ባዮች ነን።

መለኪያውን ግን ማን ይቁረጠው? ጥያቄውን ወደ ጋምቤላ እናምጣው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ እጅግ ብዙ ሕዝብ በፓጋክና በሌሎች በሮች ተሻገረ። ሌችዎርና ኒፕኒፕ በሚባሉ ቦታዎች መጠለያ ተተከለ። በዚያው ዓመት ክረምት ሁለቱም ውሃ ዋጣቸው፤ በ2007 ዓ.ም. ስደተኛው ከጋምቤላ ከተማ አጠገብ ወዳለው ወደ ጀዊ መዛወር ግድ ሆነበት። መጠለያውን ያቋቋሙት አላዋቂዎች አልነበሩም፤ ጊዜም አልነበራቸውም። የድንኳን አተካከልና የውሃ ማደል ውድድር ቢኖር እነሱን የሚቀድም አይገኝም ነበር። ያ ሜዳ በነሐሴ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ግን በየክረምቱ ከብቱን ወደ ከፍታ የሚነዳው የኑዌር ሽማግሌ ነው። ይህ እውቀት በየትኛው የዳኛ ወረቀት ላይ ነጥብ አለው?

በ2014 ዓ.ም. ክረምትም ባሮና ሌሎቹ ወንዞች ከዳራቸው ወጥተው ብዙ ሰው አፈናቀሉ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሞተር ጀልባ ከሩቅ ይመጣል፤ መምጣቱም መልካም ነው። እስኪመጣ ድረስ ግን ያለው ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ታንኳና ቀዛፊዋ ናቸው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህማ የአገር ቤቱን ማቆላመጥ ነው» ይሉን ይሆናል። አይደለም። ትንፋሹ የቆመ ሰው ደረቱን መጫንና ትንፋሽ መስጠት ቀዛፊው ካልተማረ፣ ታንኳዋ ዳር የምታደርሰው ሬሳ ነው። እሱም ሊማር ይገባዋል፤ የሚያስተምረው ደግሞ ከእሱ የሚማረው እንግዳ ቢሆን እንወዳለን።

እንግዲህ በባሮ ዳር የአዳኞች ውድድር ቢደረግ፣ ሕጉን እኛ እንዲህ እናወጣው ነበር። ቡድኖቹ ሥራው መካከል ላይ ሲደርሱ ጉዳተኛውን ለሌላው ቡድን ያስረክቡ፤ ነጥቡ በርክክቡ ይያዝ። ጉዳተኛ ሆኖ የሚተኛው አማርኛም እንግሊዝኛም የማይሰማ ሰው ይሁን፤ ሲነሣም ምን እንደተሰማው ይጠየቅ። አንደኛ የወጣው ዋንጫውን የሚረከበው መጨረሻ የወጣውን አስተምሮ ሲጨርስ ይሁን። ቀዛፊዎቹ ደግሞ ከዳኞቹ ጋር ይቀመጡ፤ አበልም ይታሰብላቸው።